ከላይ ያለው ሰው ከታች ላለው ያለበት ዕዳ



የምንኖርባት የደጋ አገር ከተራራ ወደ ሸለቆ የምትወርድ አገር ናት። ቤታችን በጉብታ ላይ ቢሠራ ከበታቻችን ሌላ ቤት አለ፤ እርሻችን በሜዳ ቢሆን ከበላያችን የሌላ ሰው እርሻ አለ። ከዳገት የወረደ ጐርፍ በአንድ ሰው ድንበር ላይ አይቆምም፤ ከምንጭ የሚቀዳውም ውኃ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እንግዲህ ከመካከላችን ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ የሚኖር ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሁላችንም ለአንዱ የላይኛው፥ ለሌላው የታችኛው ጐረቤት ነን። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። ይኸውም፦ ከላይ ያለ ሰው ከታች ላለው፥ ምናልባትም ፊቱን አይቶ ለማያውቀው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ክፉ ሳያስብ፥ እጁንም ሳያነሣ፥ ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ ብቻ ጐረቤቱን ሊበድል ይችላልን?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አንብበን ያገኘነው አይደለም። በራሳችን ደጅ የመጣብን ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን ከዚያ እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልባት የገጠር ማኅበረ ምእመናን ታላቅ ጉባኤ አደረግን። የጸሎት ቤታችን በኮረብታው ወገብ ላይ የተሠራ ሲሆን ከበስተጀርባው የባሕር ዛፍ ደን አለ፤ ከደኑም በታች ጥቂት እንደ ተወረደ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። ጉባኤው ሦስት ቀን ቈየ፤ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ሕዝብ መጣ። ስለ ምግቡ ተጨነቅን፥ ስለ ድንኳኑ ተጨነቅን፥ ስለ መዘምራኑ ልብስ ሳይቀር ተጨነቅን፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ወዴት እንደሚጸዳዳ ግን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ለአገልጋዮች የተቈፈረች አንዲት ጕድጓድ ነበረች፤ የቀረው ሕዝብ ወደ ደኑ ገባ። በሦስተኛው ቀን ማታ ብርቱ ዝናብ ዘነበ፤ እኛም የበረከት ዝናብ ነው ብለን አመሰገንን።

በሳምንቱ ከምንጯ በታች ባለችው መንደር የተቅማጥ በሽታ ገባ። ትልልቆቹ ዳኑ፤ ሁለት ሕፃናት ግን ሞቱ። የአንደኛውን ሕፃን ቀብር ሄደን ስንመለስ፥ የእኛ ማኅበር አባል ያልሆኑ አንድ ሽማግሌ በመንገድ ላይ አቆሙንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ልጄ፥ መዝሙራችሁ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ስንሰማውም ደስ ይለናል። ነገር ግን የሚወርደው መዝሙራችሁ ብቻ አይደለም» አሉን። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም የምንመልሰው አጣን።

በዚያች ሌሊት የማኅበሩን ሽማግሌዎች ሰብስበን ነገሩን ባወራን ጊዜ አንዱ ወንድማችን፥ «ማን ያውቃል? በምንጯ ከብትም ይጠጣባታል፤ በሽታው ከሌላ ስፍራ መጥቶ ሊሆን ይችላል» አለ። ወንድማችን የተናገረው ሐሰት አይደለም። በጤና ጣቢያ የምትሠራውን ነርስ ብንጠይቃት፥ ሊሆን ይችላል እንጂ ውኃው ሳይመረመር በእርግጥ ማለት አይቻልም አለችን። እኛም እስከ ዛሬ ድረስ በእርግጥ አናውቅም። ዳሩ ግን አለማወቃችን ዕረፍት አልሰጠንም። ለምን እንዳልሰጠን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብን።

ያለማወቅ ምክንያት

በሙሴ ሕግ ውስጥ ስናነብባቸው በፍጥነት የምናልፋቸው ሁለት ትንንሽ ትእዛዛት አሉ። የመጀመሪያው ስለ ጕድጓድ ነው፤ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድነው የሄደ ሰው የጐረቤቱ በሬ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል። ይህ ሰው በሬውን አልገፋውም፤ በሬው በገባበትም ሰዓት ምናልባት በቤቱ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛው ስለ ቤት ነው፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። የዚያ አገር ጣራ ሰዎች ወጥተው የሚቀመጡበት ደልዳላ ጣራ ነበርና፥ መከታ ከሌለው ሰው ሊወድቅ ይችላል፤ ቢወድቅም ጥፋቱ በባለቤቱ ላይ ይቈጠራል።

የሁለተኛውን ትእዛዝ ጥበብ ልብ እንበል። ሕጉ ሰው እስኪወድቅ ድረስ አይጠብቅም፤ የሚወድቀውንም ሰው ስም አይጠይቅም። መከታው የሚሠራው ቤቱ በሚሠራበት ጊዜ፥ ገና ማንም ሳይወጣበት ነው። ስለዚህ የወንድማችን ጥያቄ፥ «በሽታው የእኛ መሆኑን ማን ያውቃል?» የሚለው፥ ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ነው። ዕዳችን የተጀመረው ሕፃናቱ በሞቱ ቀን አልነበረም፤ ሕዝብን ከምንጭ በላይ በጠራን ቀን ነበር። ማንም ባይታመም ኖሮ እንኳ ዕዳው ሳይከፈል የቀረ ዕዳ ይሆን ነበር፤ እኛ ግን ሳናውቀው በደስታ ወደ ቤታችን በገባን ነበር። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ጥሩውን ውኃ ከጠጡ በኋላ የቀረውን በእግራቸው ስለሚያደፈርሱ የወፈሩ በጎች ሲናገር፥ በጎቹ ሌሎቹን ጠልተዋል አይልም። ጠጥተው ጠገቡ፤ ከበስተኋላቸው ማን እንደሚጠጣ ግን አላሰቡም። በደላቸው ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፥ ሰው ሊያውቀው በማይችለው ነገር አይፈረድበትም። አባቶቻችን ተቅማጥ ከምን እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። የአውሮፓ ሐኪሞችም ቢሆኑ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ኮሌራ የሚመጣው ከክፉ አየር ነው ይሉ ነበር፤ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ቈጥሮ ሞቱ በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ የተሰበሰበ መሆኑን ባሳየ ጊዜ እንኳ ብዙዎቹ ወዲያው አላመኑትም። እንግዲህ በቀደሙት ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ዕውቀት ያለ ዕዳ አይሰጥም። በአገራችን ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሆኑ ወጣት ሴቶች በየገጠሩ ቀበሌ እየተመደቡ፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ፥ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ ውኃ አስተምረዋል። እነርሱ ከመጡ ወዲህ «አላወቅንም ነበር» የሚለው ቃል ከአፋችን ተወስዷል።

ደግሞም፥ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ብለን ጥንቃቄን መናቅ እምነት ይመስለናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1527 በዊተንበርግ ከተማ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ማርቲን ሉተር ከሞት መሸሽ ይገባ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለጠየቁት አገልጋዮች ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በዚያ ደብዳቤ ሕሙማንን ትተው የሚሸሹትን እረኞች ይወቅሳል፤ ነገር ግን መድኀኒትንና ጥንቃቄን የሚንቁትንም እንዲሁ ይወቅሳል። እንዲህ ያለው ሰው በእግዚአብሔር አይታመንም፥ ይፈታተነዋል እንጂ፤ በቸልተኝነቱም በሽታውን ወደ ሌላው ካስተላለፈ በነፍሱ ፊት የዚያን ሰው ሞት ይሸከማል ይላል። በካቴኪዝማችን «አትግደል» ስለሚለው ትእዛዝ የተማርነውም ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ትእዛዙ እጃችንን ከክፉ ብቻ አይከለክልም፥ በሥጋ ጭንቅ ያለውን ባልንጀራ እንድንረዳ ያዝዘናል።

ከላይ የሚወርደው

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ነገር ምን እንደ ሆነ አሁን በግልጥ እንናገር። በጸሎት ቤት ስለዚህ ማውራት ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ስሙን ለመጥራት የምናፍርበትን ነገር ለጐረቤታችን ልጅ ስናጠጣው አላፈርንም።

በሜዳ የቀረ ዐይነ ምድር በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጭ ይገባል፤ በባዶ እግር ተረግጦ ወደ ቤት ይገባል፤ ባልታጠበ እጅ ወደ እንጀራው ይደርሳል፤ ዝንብም ተሸክሞ ወደ ሕፃን ፊት ይወስደዋል። በደጋው አገራችን ብዙ ሰው የሚያሳውረው ትራኮማ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከሕፃናት ዐይን የማትለየዋ ዝንብ እንቍላሏን በተለይ የምትጥለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው፤ በጕድጓድ ውስጥ ባለው ግን አትራባም። ሕመሙ ብዙ ዓመት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዐይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። ይልቁንም የሚጐዱት ሴቶች ናቸው፤ ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ናቸውና። እንግዲህ አንዲት እናት ዐይኗን የምታጣው ማንነቱን የማታውቀው ሰው ወደ ሜዳ ስለ ወጣ ሊሆን ይችላል። መድኀኒቱም ወርቅ የሚጠይቅ አይደለም፤ ከምንጭና ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በታችኛው በኩል የተቈፈረ፥ ክዳን ያለው ጕድጓድ፤ በሳሙና፥ ሳሙና ባይኖር በዐመድ የታጠበ እጅ፤ በየጧቱ የታጠበ የሕፃን ፊት ነው።

በእርሻም ነገሩ ይኸው ነው። ዳገቱን ያለ እርከን የሚያርስ ሰው የራሱን አፈር ብቻ የሚያጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ከእርሱ ማሳ ያለ ከልካይ የወረደው ውኃ ኀይሉን ሰብስቦ በታችኛው ሰው ማሳ ላይ ቦረቦር ይከፍታል። ወደ መሬት ሰርጎ ምንጮችን ሊመግብ የሚገባው ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ወንዝ ይሸሻል፤ በበጋም ከታች ያለችው ምንጭ ትደርቃለች። አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ጠላትም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ተክል እጅግ ብዙ ሺህ ደቃቅ ዘር ያፈራል፥ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል፥ ከላይኛው ማሳም በጐርፍ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዳሩ ግን መልካሙ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ እርጥበቱን የሚይዝ ማሳና አረሙን አበባ ሳያወጣ የሚነቅል እጅ ያስፈልገዋል።

ዝናብ ሲቀር በሰው እጅ የሚመጣ አይደለም፤ የዘነበውን ይዞ ማቈየት ግን በሰው እጅ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ. ም. የደረሱብንን የረኃብ ዘመናት የምናስታውስ ሰዎች ድርቅና ረኃብ አንድ እንዳይደሉ እናውቃለን። በመጀመሪያው ነገሩን የሸሸጉ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለተኛው ጦርነት ነበረ። የሰማይ መዘጋት መከራ ነው፤ መከራው ወደ ሞት እንዲደርስ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ወይም ለሰው ሳያደርግ የሚቀረው ነው።

ላይኛውን ሰው የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?

ዕዳ መኖሩን ካመንን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። ሰው ይህን ዕዳ እንዲከፍል ምን ሊያንቀሳቅሰው ይገባል? በምሥራቅ አፍሪካ ሦስት ነገሮች ተሞክረዋል፤ እነርሱም ፍርሀት፥ ደመወዝና ኀፍረት ናቸው።

ስለ ፍርሀት የኬንያን ማቻኮስ እንመልከት። በቅኝ ግዛት ዘመን የካምባ ሕዝብ መሬት እጅግ ተሸርሽሮ ነበርና መንግሥቱ ከብታቸውን በግድ ለመቀነስ ተነሣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1938 ከብታቸው በተወሰደ ጊዜ ሕዝቡ በሙኢንዲ ምቢንጉ መሪነት ወደ ናይሮቢ ሄዶ አቤት አለ። ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ በግዳጅ እርከን ይሠራ ነበር፤ በ1963 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ግን ብዙው እርከን ሳይጠገን ቀረ፤ ሰዎቹ የባርነት ምልክት አድርገው አይተውታልና። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያው ሕዝብ በዚያው ዳገት ላይ፥ ምዌትያ በሚባለው የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበሩ ተሰብስቦ፥ ያለ አስገዳጅ እንደ ገና እርከን ሠራ። ቦይ ቈፍረው አፈሩን ወደ ላይ የሚጥሉበትን ሥራ በስዋሂሊ ቋንቋ «ፋንያ ጁ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው። የሕዝቡ ቍጥር ከ1930ዎቹ ወደ 1990 ሲደርስ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨምሮ ሳለ፥ አፈሩ ግን ከቀድሞው ይልቅ ተጠብቆ ተገኘ። ይህን ያደረገው የጐረቤት ፍቅር ብቻ ነው ብለን አንዋሽም፤ ቡናና አትክልት የሚሸጡበት ገበያ ነበራቸው፥ መሬቱም የእኛ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ነገር ግን በጅራፍ የተሠራው እንደ ፈረሰ፥ በፈቃድ የተሠራው እንደ ቆመ ማንም ሊያየው ይችላል።

ስለ ደመወዝ ምስክር የሚሆነው የራሳችን አገር ነው። ከ1966ቱ ረኃብ በኋላ፥ ይልቁንም በ1970ዎቹ ዓ. ም.፥ ለምግብ በሚሠራ ሥራ በስንዴና በዘይት እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፥ እጅግ ብዙ ዛፍም ተተከለ። ይህን አንንቅም፤ የተራበ ሰው መብላት አለበት፥ ሠርቶ መብላቱም ክብሩ ነው። ሆኖም በ1983 ዓ. ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፥ ዛፉም ተቈረጠ። ባለ ማሳው ሳይጠየቅ፥ ሌላ ሰው በለካው መስመር የተሠራ ነበርና የእርሱ ሥራ አልሆነም። ስንዴው ባለቀ ጊዜ የሥራውም ምክንያት አለቀ። ደመወዝ እጅን ይገዛል፤ ጥበቃን ግን አይገዛም።

ሦስተኛው ኀፍረት ነው። በ2000 ገደማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ካማል ካር የሚባል ሕንዳዊ በባንግላዴሽ አንድ ዘዴ ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ አገራችን ገባ። አስተማሪው መጸዳጃ ቤት አይሠራም፥ ገንዘብም አይሰጥም። የመንደሩን ሰዎች ይዞ ወደሚጸዳዱበት ሜዳ ይሄዳል፤ የመንደሩን ካርታ በመሬት ላይ ሥለው እያንዳንዱ ሰው የሚጸዳዳበትን ስፍራ እንዲያመለክት ያደርጋል፤ ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ በምግብ ላይ ሲያርፍ ያሳያቸዋል። በመጨረሻም ሰዎቹ ራሳቸው አንዳችን የሌላችንን ዐይነ ምድር እየበላን ነው ብለው ይናገራሉ። ብዙ መንደሮች በዚህ ደንግጠው ጕድጓድ ቈፍረዋል።

ታዲያ ሰውን አሳፍሮ ወደ መልካም መምራት ይገባልን? እኛ መልሳችንን በሁለት እንከፍለዋለን። ሀብታሙና ድኻው፥ መሪውና ተመሪው በአንድነት ቆመው እውነቱን አይተው የሚያፍሩበት ኀፍረት ለእውነት በር ይከፍታል፤ ማንም ከማንም በላይ አልቆመምና። ነገር ግን በአንዳንድ አገር እንደ ተደረገው፥ ጕድጓድ ያልቈፈረችውን መበለት ወይም አካለ ስንኩሉን ሰው ለይቶ በሕዝብ ፊት መዝለፍ በድኻ ላይ የሚነሣ ዱላ ነው። ያ ሽማግሌ በመንገድ ላይ አሳፈሩን፤ ይሁን እንጂ በሕዝብ ፊት አልጮኹብንም፥ የማንንም ስም አልጠሩም፥ ከመናገራቸውም በፊት መዝሙራችን ደስ እንደሚያሰኛቸው ነገሩን። እንዲህ ያለ ኀፍረት ሰውን ዝቅ አያደርገውም፤ ያቆመዋል።

ዕዳው ወደ ሁለት ወገን ነው

በኮንሶ ምድር ያለውን እርከን ያያችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ደረቅ ኮረብታ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ተደርድሮ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ፥ በ21 ትውልድ ሲወርስ የመጣ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ኮንሶን ድርቅ አያገኘውም ማለታችን አይደለም፤ አግኝቶታል፥ ሕዝቡም ተርቧል። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግንብ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። የእርከን ድንጋይ በየክረምቱ ይናዳል፤ ስለዚህ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የተፈጸመ ሥራ ሳይሆን የመጠገን ግዴታ ነው። ልጁም ሲጠግን የሚጠግነው ለራሱ፥ ከበታቹ ላለውና ገና ላልተወለደው ነው።

ይሁን እንጂ እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ የሚከብደው በላይኛው ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ አሁን ሚዛኑን እናስተካክል። በዳገቱ ላይ የሚኖረው ማን ነው? ለጥ ያለው መሬት አስቀድሞ ስለ ተያዘ፥ ወደ ተዳፋቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አዲስ ጎጆ የወጣው ወጣት፥ ዘግይቶ የመጣው እንግዳ፥ አቅም ያጣው ድኻ ነው። እርከን ሲሠራ ከጠባቡ ማሳው ላይ ጥቂት ይወሰድበታል፥ በእርከኑ ውስጥ አይጥ ይራባበታል፥ የመጀመሪያው ዓመት ምርትም ሊቀንስበት ይችላል። ጥቅሙ ግን ከእርሱ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ማሳ ከጐርፍ ይድናል፥ የታችኛይቱ ምንጭ በበጋ ትፈስሳለች። ለዚህ ሰው ከሜዳ ላይ ቆመን፥ «ዕዳ አለብህና ክፈል» ብንለው ስብከታችን የጠገበ ሰው ስብከት ነው።

ስለዚህ ዕዳው ወደ ሁለት ወገን መሆኑን እንናገራለን። ከላይ ያለው ጐርፉን የመከልከል ዕዳ አለበት፤ ከታች ያለው ደግሞ ዶማውን ይዞ ወደ ላይ የመውጣት ዕዳ አለበት። የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ሥራው ከተፋሰሱ ራስጌ ይጀምር የሚሉትም በከንቱ አይደለም፤ የላይኛው ሳይያዝ የታችኛው ቢሠራ ጐርፍ ያፈርሰዋል። እንግዲህ የሜዳው ሰው ለራሱ ማሳ ሲል እንኳ አስቀድሞ የዳገቱን ሰው ማሳ መሥራት አለበት። ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን ደቦና ወንፈልን ትተውልናል። ስለ ጕድጓዱም እንዲሁ ነው። ልትቈፍር የማትችለው መበለት ጕድጓድ ከሌላት፥ ጕድለቱ የእርስዋ ብቻ ሳይሆን ጐልማሶች እያሉ ያልቈፈሩላት የመንደሩ ሁሉ ነው።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፥ «ይህ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ወንጌል ነው» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፥ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፥ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የነበሩት ረጂዎች ለልማት ሲሰጡ ለስብከት መስጠትን ቀንሰው ነበርና፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ ብላ ጠየቀች። ያ ጥያቄ ዛሬ ወደ እኛ ተመልሶ መጥቷል። እነርሱ ነፍስን ትተው ሥጋን እንዳይይዙ የወቀስን እኛ፥ ሥጋን ትተን ነፍስን ብቻ ብንይዝ ያው ቢላዋ በእጃችን ነው። ጕድጓድ በመቈፈር የሚጸድቅ የለም፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምር ነን። ነገር ግን በጸጋ የዳነ ሰው ለራሱ መዳን የሚደክምበት ሥራ ስለ ሌለው፥ ሁለቱም እጆቹ ለባልንጀራው ተፈትተዋል። የተፈቱት እጆች ዶማ ካልያዙ ምን ሊይዙ ነው?

አሁን የጀመርነውን ታሪክ እንፈጽም። ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ወደ ታችኛው መንደር ወርደን ይቅርታ ለመንን። የበሽታውን ምክንያት በእርግጥ እንደማናውቅ ሳንሸሽግ፥ ዕዳው ግን የእኛ እንደ ነበረ ተናገርን። ያ ሽማግሌ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ይቅርታውን እግዚአብሔር ይስጣችሁ። መቈፈር የምትጀምሩት መቼ ነው?» አሉን። ቀኑን ነገርናቸው። በዚያም ቀን ጧት ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ገና ሳይደርሱ፥ የታችኛው መንደር ሰዎች ዶማቸውን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየን። ጕድጓዶቹ ከምንጯ ርቀው በሌላው ተዳፋት ተቈፈሩ፤ ምንጯም ታጥራ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሠራች፤ ከደኑም በላይ የጐርፍ መቀልበሻ ቦይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ስንጠራ ከሁሉ አስቀድሞ የምንጽፈው የጕድጓዶቹን ቍጥር ነው።

ከሞቱት ሕፃናት የአንደኛው እናት ግን በዚያ ቀን አልወጣችም፤ እስከ ዛሬም ከእኛ ጋር አትነጋገርም። እኛም አንወቅሳትም። የተከፈለ ዕዳ ሁሉ የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህም መከታው ሰው ሳይወድቅ በፊት ሊሠራ ይገባል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አንብበህ ስትፈጽም ከቤትህ ውጣና ወደ ታች ተመልከት። ከአንተ ደጅ የሚወርደውን ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ከዚያም ዞረህ ወደ ላይ ተመልከት። ለብቻው ሊሸከመው የማይችለውን ሸክም ለአንተ ሲል የተሸከመው ማን ነው? የሁለቱንም ስም ካወቅህ በኋላ ስለ እነርሱ ጸልይ፤ ከጸሎትህም ስትነሣ ዶማህን ያዝ። የሰላም አምላክ ከላይ ያሉትንም ከታች ያሉትንም ይጠብቅ። አሜን።